«ፍትሐ ብሔር» የየትኛው ብሔር ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ነኝ። በአገራችን የሕግ ታሪክ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ጓደኛዬ «የ1952ቱ ሕግ ፍትሐ ብሔር የተባለው ለየብሔሩ ፍትሕ ለመስጠት ታስቦ ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ። እውነት ነው? አጻጻፉስ እንዴት ነው? ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች «ፍትሃብሄር» እያሉ አንድ ላይ ይጽፉታል።

መልስ፦ ጓደኛህ ቃሉን የሰማው በዛሬ ጆሮ ነው።

«ብሔር» በግዕዝ አገር፣ ምድር፣ ዓለም ነው። እግዚአብሔር ስንል የዓለም ጌታ ማለታችን ነው። ብሔረ ሕያዋን የሕያዋን አገር ነው። «ፍትሕ» ደግሞ ፍርድ፣ ዳኝነት። ስለዚህ ፍትሐ ብሔር የአገር ፍርድ ማለት ነው። ቅርጹም የጥንቱ የሕግ መጽሐፍ የፍትሐ ነገሥት ቅርጽ ነው፤ አንዱ የነገሥታት፣ ሌላው የአገር። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በፈረንሳይኛ የዚህ ሕግ መጠሪያ ሥሩ «ዜጋ» ነው። የእኛ ስም ግን ዜጋውን ትቶ አገሩን ያዘ። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ሕጉ የሠራው ደግሞ ጓደኛህ ከሚለው ተቃራኒውን ነው። ቁጥር 3347ን አውጥተህ አንብብ። ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩ ደንቦች፣ የተጻፉም ይሁኑ ልማዳዊ፣ በግልጽ ካልተፈቀዱ በቀር ተሽረዋል። በባህል የሚፈጸም ጋብቻን ተቀብሏል፤ ዋናው ሐሳቡ ግን ለመላው አገር አንድ ሕግ ነው። የየብሔሩን ደንብ የሻረ ሕግ በስሙ ብቻ የየብሔሩ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ጓደኛህ ይህን ከየት አመጣው? ከዚያው ከእናንተ ግቢ ነው ማለት ይቻላል። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ የ«ብሔረሰቦች ጥያቄ» ሲነሳ ቃሉ አዲስ ሸክም ተሸከመ። በ1968 ደርግ ያወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ጥሩ ምስክር ነው። ርዕሱ ላይ «ብሔራዊ» የመላ አገር ነው፤ ውስጡ ገብተህ ስታነብ ስለ ብሔረሰቦች መብት ታገኛለህ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ደግሞ ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚሉት ሦስቱም በአንድ ትርጉም ተጠቃለሉ። አዲሱ ፍቺ ከዚያ ወዲህ ሕጋዊ ማኅተም አለው። ስለዚህ ለ1987 ሰነድ የጓደኛህ ንባብ ልክ ነው፤ ለ1952 ሰነድ ግን አይሠራም።

አሮጌው ፍቺም አልሞተም። የታክሲ ረዳት «ብሔራዊ! ብሔራዊ!» ብሎ ሲጣራ የየትኛው ብሔር ብሎ የሚጠይቀው የለም። ብሔራዊ ሎተሪ የሚቆርጥም እንደዚያው። (ቴአትር ቤቱ ራሱ ብሔራዊ የተባለው ከአብዮቱ በኋላ ነው። በፊት በንጉሡ ስም ነበር የሚጠራው።)

ለጽሑፍህ ከ«ብሔር» ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ «አንቀጽ» ነው፤ ለውጡ ስለማይታይ ማንም አይጠራጠረውም። በግዕዝ በር ማለት ነው፤ አንቀጸ ብርሃን የብርሃን በር ነው። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ። የዛሬው ሕገ መንግሥት 106 አንቀጽ አለው። ይህን ብቻ አይቶ «ሕገ መንግሥቱ በእጥፍ ይረዝማል» የሚል ሰው ጉድ ይሆናል፤ የፍትሐ ነገሥቱ አንድ አንቀጽ ራሱን የቻለ ሙሉ ምዕራፍ ነውና። ስለዚህ ከፍትሐ ነገሥት ስትጠቅስ «አንቀጽ 24» ብለህ አትለፍ፤ ከአንቀጹ ውስጥ የትኛውን ቦታ እንደምትል ጨምር።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ «ፍትሐ ብሔር» በሁለት ቃል ይጻፋል፤ በሐመሩ ሐ እና ሔ። «ሐ» ላይ ያለው ድምፅ የእኛን «የ» ሥራ ስለሚሠራ «ፍትሕ ብሔር» ማለት ስሕተት ነው። «የፍትሐ ብሔር ሕግ» ማለት ግን ምንም ችግር የለውም። በማስታወሻ ስትጠቅስ ጠበቆቹ እንደሚያደርጉት «ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 3347» ብትል ይበቃል።