በሩን ከመግፋታችሁ በፊት ውሃውን እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በውሃ ምህንድስና ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ባለፈው ጥቅምት ወር፣ ገና ሥራ ከጀመረው ከእህቴ ልጅ ጋር በእንግሊዝ አገር ቦይ ላይ የዋልኩት አንድ ቀን ነው።

ግራንድ ዩኒየን በሚባለው፣ ለንደንን ከበርሚንግሃም በሚያገናኘው የጀልባ ቦይ ላይ ናሮውቦት የሚሉትን ረጅምና ጠባብ ጀልባ ተከራየን። ጀልባው 17 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም። በሕግ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ዳር ላይ በታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ሲታለፍ ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል። ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው የዳር መንገድ ላይ ውሻዋን ይዛ የምትሄድ ሴት ቀደመችን። ቢጫ ቅጠል ውሃውን ሸፍኖታል፤ አየሩ የእርጥብ አፈርና የእንጨት ጭስ ይሸታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰዓቴን ሳላይ ግማሽ ቀን አለፈ።

ከስቶክ ብሩርን መንደር በታች ሰባት ሎኮች አሉ። ሎክ ማለት ጀልባን ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚያነሳ፣ በፊትና በኋላ በር ያለው የግንብ ክፍል ነው። ጀልባው ይገባል፣ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከዚያ በእጅ በሚዞር ብረት ከግንቡ ሥር ያሉት ትንንሽ መዝጊያዎች ይከፈታሉ፣ ከላይ ያለው ውሃም ይገባል። መዝጊያውን በአንድ ጊዜ ከከፈታችሁት ጀልባው ከግንቡ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ግማሹን ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ መጨመር ነው።

የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ሎክ መዝጊያውን ከፈተና ወዲያው ጀርባውን ለፊተኛው በር መግፊያ ግንድ ሰጥቶ መግፋት ጀመረ። ጫማው እየተንሸራተተ፣ ፊቱ እስኪቀላ ገፋ። በሩ አልተነቃነቀም። «ጋሼ፣ ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ። አልተበላሸም። የሁለቱ ወገን ውሃ በ10 ሴንቲሜትር ብቻ ቢለያይ በአንዱ የበር ክንፍ ላይ የሚያርፈው ጫና ሦስት ኩንታል ያህል ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተን ውሃው እኩል ሲሆን በሩ በአንድ ሰው ጀርባ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ወጣትን መምከር አልወድም። እንቁላሉ የሰው እጅ ሳይነካው ጫጩት ይሆናል፤ ሎክ ግን መዝጊያውን የሚያዞር ካልተገኘ ለዘላለም አይሞላም። እኔ የምላችሁ ሥራው ያለው ከበሩ ላይ ሳይሆን ከትንሹ መዝጊያ ላይ ነው። ጉልበታችሁን እዚያ አውሉት፤ የቀረውን ለውሃው ተዉት።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በወጣትነቴ የአንድ የመስኖ ቦይ ንድፍ ይዤ ወደ አንድ ቀበሌ ሄድኩ። ገበሬዎቹ ቦዩ በመሬታችን አያልፍም አሉ። ወራት ሙሉ ካርታ እየዘረጋሁ፣ አንዳንዴም እየተቆጣሁ ተከራከርኳቸው። በኋላ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ መጡና ካርታውን ሳይገልጡ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው የሚፈሩትን ጠየቁ። የፈሩት ከብቶቻቸው ወደ ግጦሽ የሚሻገሩበት መንገድ መቆረጡን ነበር። ንድፉ ላይ ሁለት መሻገሪያ ድልድይ ጨመርን፤ ስምምነቱ በአንድ ጠዋት አለቀ። ያ ሁሉ ወር በሩን ስገፋ ነበር።

ከሰባተኛው ሎክ በላይ ትንሽ ሄድ ብሎ የብሊስዎርዝ ዋሻ አለ፤ ርዝመቱ 2,800 ሜትር ያህል ነው። መግቢያው አጠገብ አንድ ትልቅ የኮንክሪት ቀለበት ቆሟል፤ ዋሻው ተጎድቶ ለዓመታት ተዘግቶ እንደገና ሲሠራና እ.ኤ.አ. በ1984 ሲከፈት፣ ግድግዳው ከተሠራባቸው ቀለበቶች የተረፈ ነው። ቀለበቱን በእጄ ዳሰስኩት፤ የሙያ ባልደረቦቼ ሥራ ነውና ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ከሽፎ ነበር። መሐንዲሶቹ በዚያው መስመር ግግም አላሉም፤ ሌላ መስመር መርጠው እንደ አዲስ ጀመሩ፤ ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1805 እስኪከፈት ድረስም በኮረብታው ላይ ፈረስ የሚጎትተው የሐዲድ መንገድ ዘርግተው ዕቃውን አሻገሩ። እንዲህ ያለውን መጠበቅ ነው የማከብረው። በውስጡ በጨለማ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን፤ ከጣሪያው ውሃ አንገታችን ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ብትሄዱ ከጥቅምት ማለቂያ በፊት ሂዱ፤ ከኅዳር ጀምሮ አንዳንዱ ሎክ ለጥገና ይዘጋል። ጓንት ያዙ፤ እርጥብ ገመድ እጅ ያቆራምዳል። ጀልባውን መምራት ለወጣቱ ስጡ፣ ማዞሪያውን ብረት ግን ተራ በተራ ያዙ።