ምን ገደለህ?

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከ30 ዓመት በላይ የፋብሪካ ማሽን ስጠግን ነው የኖርኩት። ቤቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በሰርቪስ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ጌም ነው። አትሳቁ።

ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ላፕቶፗን ይዛ ልትጠይቀን መጣች። ውጭ ጭጋጉ ጦሳን ውጦታል፤ መውጣት የለም። «ጋሼ፣ ሄዲስን ሞክረው» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ሐዲስ» ነው። ሐዲስ ማለት አዲስ አይደል? ለኔ ዕድሜ አይሆንም ብዬ ቀለድኩ። ለካ ሄዲስ የግሪኮች የሙታን ንጉሥ ነው፤ የግዛቱም ስም ይኸው ነው፤ በኛ ሲኦል እንደማለት። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ አማተበችና ቡናዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ለበረካው ተመልሳ መጣች፤ ያውም ወንበሯን አስጠግታ።

ጌሙን የሠራው ሱፐርጃያንት ጌምስ የሚባል የአሜሪካ ቡድን ነው። ተጠናቆ የወጣው በፈረንጆች 2020 ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ዛግሪየስ የሚባል የሄዲስ ልጅ ከአባቱ ግዛት ሊያመልጥ ይፈልጋል። በታርታሮስ፣ በአስፎዴል፣ በኤሊሲየም አልፎ በስቲክስ በኩል ወደ ምድር መውጣት አለበት። መንገድ ላይ ከሞተ ተመልሶ አባቱ ቤት ነው። እንደገና ሲነሳ ክፍሎቹ ተቀያይረው ይጠብቁታል። እንዲህ ያለውን ጌም «ሮግላይክ» ይሉታል፤ ስሙ በ1980 ከወጣው «ሮግ» ከተባለው ጌም የመጣ ነው።

የኦሊምፐስ አማልክት በየመንገዱ ኃይል ይሰጡታል። አርጤምስን ሳገኝ ደነገጥኩ። እሷንማ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 አውቃታለሁ፤ ኤፌሶን ላይ ሕዝቡ የጮኸላት ናት። እዚህ ደግሞ ቀስት ይዛ ልታግዘኝ መጣች።

የመጀመሪያዋ ቦስ፣ ማለትም መንገድ የምትዘጋው ዋና ጠላት፣ ሜጌራ ትባላለች፤ ጅራፍ አላት። ዘጠኝ ጊዜ ገደለችኝ። እኔ የማጥቂያውን ቁልፍ እየደበደብኩ ነው። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆሎ እየቆረጠመች፣ «ጋሼ፣ አንተ አትምታ፤ ዝም ብለህ እያት» አለችኝ። አየኋት። ወደኔ ከመወርወሯ በፊት ለአንድ አፍታ ወደ ኋላ ሰብሰብ ትላለች። ያቺን አፍታ ጠብቆ የላፕቶፑን ረጅሙን ቁልፍ መጫን ነው፤ ዛግሪየስ ሽው ብሎ ያልፋታል። ማሽን ስጠግን የኖርኩ ሰው ይህን ለማየት ዘጠኝ ሞት ማስፈለጉ ያሳፍራል።

ጌሙን የወደድኩት ግን በሌላ ሰው ምክንያት ነው። ሞተህ አባትህ ቤት ስትመለስ መግቢያው ላይ ሂፕኖስ ይቀበልሃል። የእንቅልፍ አምላክ ነው፤ ራሱም ያንቀላፋል። መዝገቡን ገልጦ የገደለህን ያይና ምክር ይሰጥሃል። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ የማይረባ ነው። ጥያቄው ግን የኔ የድሮ ፎርማን ጥያቄ ነው፦ ምን ገደለህ?

ይቺን ልንገራችሁ። ገና ወጣት ሳለሁ አንድ የማራገቢያ ሞተር ተቃጠለብን። የውስጥ ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠቀለልነውና ሠራ። በሁለት ወሩ እንደገና ተቃጠለ። ጠቅላዩን ሰደብነው፣ ሌላ ጠቅላይ ፈለግን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቃጠል ፎርማኑ መጣና ሞተሩን በእግሩ ነካ አደረገው። «ይሄ ሬሳ ነው። ገዳዩን አምጣልኝ» አለኝ። ዋናውን ኃይል አጥፍቼ ቦርዱን ከፈትኩ። ኮንታክተሩ፣ ማለትም ለሞተሩ ኃይል የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ፣ ላይ ከሦስቱ መንኪያዎች አንዱ ተበልቶ አልቋል። ሞተሩ ከሦስቱ የኃይል መስመሮች በሁለቱ (በሁለት ፌዝ) ብቻ እየተጎተተ ነበር። እሺ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ኃይል ሲስብ የሚያጠፋው መከላከያ፣ ኦቨርሎዱ፣ ለምን አላስቆመውም? ሲታይ መለኪያው እስከ መጨረሻው ተጠምዟል። ከወራት በፊት ቶሎ ቶሎ እየጣለ ሲያስቸግር አንድ ሰው «ይሄ ነገር ሰለቸኝ» ብሎ አዙሮታል።

ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። ቀን፣ ማሽን፣ ምን ሞተ፣ ምን ገደለው። ጡረታ ስወጣ 11 ደብተር ሞልቷል። ለጌሙ 12ኛውን ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ ሳቀችብኝ፤ ትሳቅ።

ወንድሟ ቴክኒክና ሙያ ጨርሶ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘና ሁለት ጊዜ ወድቋል። እሷ በሲኦል እሱ በሲኦሲ እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። «ምን ላይ ወደቅክ?» ብለው «ዕድሌ ነው ጋሼ» አለኝ። ልጄ፣ ዕድል ፈተና አያርምም። ሽቦ አያያዝህ ነው? ሥዕሉን ማንበብ ነው? ሰዓት አልበቃህም? ያንን ሳታውቅ ለሦስተኛ ጊዜ መመዝገብ ሞተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ማስጠቅለል ነው። ተቆጣኝ። በሳምንቱ ግን መጥቶ የቦርድ ሥዕል አብረን አነበብን። አብሽር አልኩት።

ሌላም ነገር አለ። ጌሙ ውስጥ መስታወት አለ። በየሙከራው የሰበሰብከውን «ጨለማ» እዚያ ትከፍልና ትጠነክራለህ፤ ብትሞትም ጥንካሬው አይጠፋም። ደስ ይላል፣ ያታልላልም። ሜጌራን ስጥላት እጄ የሰላ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰይፉን ትቼ ቀስቱን ያዝኩ። መስታወቱ ያው፣ ሰውዬው ያው፤ እሷው መልሳ ጣለችኝ። ሥራ ቤትም በቆየ ቁጥር ደረጃው ከፍ የሚል ሰው አለ፤ ወደ ሌላ ማሽን ሲያዛውሩት ነው የሚታወቀው። ደሞዝ ሲጨመርላችሁ እጃችሁንም እዩት።

የሚከብዳችሁ ካለ ደግሞ «ጎድ ሞድ» የሚባል አለ። ስትከፍተው ጉዳቱን 20 በመቶ ይቀንስልሃል፣ በሞትክ ቁጥር ቅናሹ 2 በመቶ ይጨምራል፣ 80 ላይ ይቆማል። እኔ ከፍቻለሁ። 63 ዓመቴ ነው፣ ጣቴ ሪህ አለበት። የሚያፍር ይፈር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኤሌክትሪክ ላይ ጎድ ሞድ የለም። እዚያ አንዴ ነው የሚሞተው፤ ሂፕኖስም አይቀበልህም። በሞት የምትማሩበትን ቦታ ምረጡ። ደግሞ ሌሊቱን አትስጡት፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሰጥቼ ጠዋት ደም ግፊቴ አስጠንቅቆኛል።

በ43ኛው ሙከራ ምድር ላይ ወጣሁ። በረዶ ነው፣ ፀሐይ እየወጣ ነው። ባለቤቴ አጨበጨበች። ደስታችን ግን ብዙም አልቆየ፤ ዛግሪየስ ተመልሶ ወደ ታች ነው። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም። የታሪኩን መዝጊያ ለማየት አሥር ጊዜ ማምለጥ አለባችሁ። እኔ አራት ላይ ነኝ።

ትናንት ማታ አምስተኛውን ስሞክር ኤሊሲየም ላይ ቀረሁ። ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቴሴዎስ። ጋሻ ይዟል። ፊት ለፊት መታሁት፣ አልገባም። ሦስት ጊዜ ያንኑ ደገምኩ።» ከሥሩ ዛሬ ጠዋት ቡና እየጠጣሁ ጨመርኩበት፦ «በጀርባው ዙር።»