የአረጋውያን ዳሌ ስብራትና ግማሽ ቅየራ፦ የአጥንት ሐኪሙን ጠይቁ

ሰብለ፦ ዶክተር፣ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ሻወር ቤት ወድቃ የጭኗ አጥንት አንገት ተሰበረ። መቀየር አለበት አሉን። በብሎን አይታሰርም?

ሐኪሙ፦ ለአጥንቱ ራስ፣ ማለትም ዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ለሚገባው ክብ ጫፍ፣ ደም የሚያደርሱት ዋና ሥሮች አንገቱን ተጠግተው ነው የሚያልፉት። ስብራቱ ቦታውን ከለቀቀ ሥሮቹ ይጎዳሉ፣ ራሱም ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን በብሎን ብናስረው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ከዚያ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይመጣል፤ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ራሱን አውጥተን በብረት እንተካለን፣ የዳሌው ጎድጓዳ የራሳቸው ይቀራል፤ ግማሽ ቅየራ የሚባለው ይህ ነው። ስብራቱ ካልተንቀሳቀሰ ብሎን ሊበቃ ይችላል። ብቻ ቀን አትቁጠሩ! በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል።

አቤል፦ ሙሉ ቅየራ አይሻልም?

ሐኪሙ፦ ሙሉው ጎድጓዳውንም ይቀይራል፤ ከመውደቃቸው በፊት ደህና ይራመዱ ለነበሩ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ለሌላቸው ይታሰባል። 1,500 ገደማ ሕሙማንን የተከታተለ የ2019 ጥናት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በድጋሚ ኦፕራሲዮን ረገድ በሁለቱ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት አላገኘም።

ጌታሁን፦ የኛ ሰፈር ወጌሻ አክስቴን አሽቶ አስነስቷታል።

ሰብለ፦ የተሰበረ ዳሌ ይታሻል እንዴ?

ጌታሁን፦ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ሐኪሙ፦ ጌታሁን፣ ኤክስሬይ ተነሥተው ነበር? የተሰበረ ዳሌ አይታሽም። እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ማንም እንዳይነካው፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ሄለን፦ ሲሚንቶ ይገባል ሲሉኝ ፈራሁ።

ሐኪሙ፦ ብረቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያስይዝ ነው። የአረጋውያን አጥንት የሳሳ ስለሆነ ያለ ሲሚንቶ ሲገባ በብረቱ ዙሪያ የመሰበር ዕድሉ ይጨምራል። ሲሚንቶው ሲገባ የደም ግፊት ድንገት ሊወርድ ስለሚችል የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ዮናስ፦ ስንት ብር ይፈጃል?

ሐኪሙ፦ ሆስፒታሉን ጠይቅ።

ማርታ፦ አባቴ ትናንት ተሠሩ። ቁስሉ እስኪደርቅ ይተኙ ብለናል።

ሐኪሙ፦ የለም፣ የለም! ሐኪማቸው ካልከለከለ ዛሬውኑ በዎከር ይቁሙ፣ እግሩንም ይርገጡበት። የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት፣ የአልጋ ቁስል፣ እነዚህን ሁሉ የሚጋብዘው መኝታ ነው። ጠያቂ ዘመድ «ይረፉ» ሲል አትስሙ። አጭር በርጩማ ላይ አይቀመጡ፣ እግራቸውን አያነባብሩ። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ከፍ ያለ መቀመጫ አዘጋጁ።

ብሩክ፦ አያቴን ዳሌዋን ያማታል፣ ምን ይሻላል?

ሐኪሙ፦ ወድቀዋል? መቆም ይችላሉ? ይህን ሳትጽፍ ምን ብዬ ልመልስ? ወድቀው መቆም ካቃታቸው ዛሬውኑ ውሰዳቸው።

ዮናስ፦ ሲሚንቶው ጉዳት የለውም?

ሐኪሙ፦ ለሄለን መልሻለሁ፣ አንብበው።

ማርታ፦ አባቴ ማታ ማታ ይቀባዥራሉ፣ አእምሯቸው ተነካ?

ሐኪሙ፦ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ በአረጋውያን ላይ በብዛት ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል። ግን ዝም አትበሉ፤ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ ሽንት መያዝ ወይም መድኃኒት ሊያመጣው ስለሚችል ለተረኛው ሐኪም ዛሬ ማታ ንገሩት። መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይደር። ነገ ጠዋት ደግሞ ዎከሩን ስጧቸው።