ሱፐርማንን የሚመክረው ማነው፤ እናቱ ወይስ አባቱ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጎንደር ፒያሳ ወጥቶ «ሱፐርማን 2»ን በፍላሽ አስጭኖ መጣ። እኔ ድሮ የማውቀው ኤፍል ታወር ላይ ይጀምራል፤ በረዶው ቤት ውስጥ የምትመክረውም እናቱ ናት። የእሱ ላይ ኤፍል ታወር የለም፣ የሚመክረው አባቱ ነው፣ መጨረሻውም ሌላ ነው። «ያንቺው ፎርጅድ ነው» እያለ ያበሽቀኛል። ትክክለኛው የቱ ነው?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው። ያንቺው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲኒማ ቤት የገባው የዳይሬክተር ሪቻርድ ሌስተር ነው፤ የወንድምሽ በ2006 የወጣው የዳይሬክተር ሪቻርድ ዶነር። ዶነር አንደኛውንና ሁለተኛውን ፊልም ጎን ለጎን ይቀርጽ ነበር። የሁለተኛውን አብዛኛውን ክፍል ቀርጾ ሳለ ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር ተጋጨ። አንደኛው በ1978 ወጥቶ ገበያው ቢደራም፣ ሁለተኛውን እንዲጨርስ የተጠራው ሌስተር ሆነ። አባትየውን የሚጫወተው ማርሎን ብራንዶም በክፍያ ጉዳይ ስለተካሰሰ ትዕይንቶቹ ወጥተው በቦታው እናትየዋ ገባች። ዶነር የቀረጸውን ከስንት ዘመን በኋላ መልሶ የገጣጠመው ኤዲተሩ ማይክል ታው ነው።

አራዳ አካባቢ ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ጊዜ የሌስተሩን ደጋግሜ አሳይቻለሁ፤ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ጫጫታ ይነሳል። ሱፐርማን ለሚወዳት ጋዜጠኛ ለሎይስ ፍቅር ብሎ ኃይሉን ይተዋል። ምግብ ቤት ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ደብድቦ ያደማዋል። በእግሩ እየተጎተተ ወደ በረዶው ቤት ይመለሳል፣ አረንጓዴውን ክሪስታል ያያል፤ ከዚያ በኋላ ስናገኘው እየበረረ ነው። ከኋላ አግዳሚ ላይ ያሉት «ኃይሉን ከየት አመጣው?» ብለው ይጮሃሉ። ፊልሙ አይመልስላቸውም።

የወንድምሽ ይመልሳል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ አባቱ የቀረችውን ኃይል ሁሉ እንደሚሰጠው፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደማይገናኙ ይነግረዋል። እጁን ዘርግቶ ይነካዋል፤ በዚያው ይጠፋል። ያለውን አሟጦ ለልጁ ሰጥቶ ያለፈ ወላጅ በየሰፈራችን ስላለ፣ ይህን ቦታ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ለዚህ አንድ ትዕይንት ብዬ የዶነሩን እመርጣለሁ።

ያንቺው የሚበልጥበትም አለ። ሎይስ ማንነቱን የምታውቅበትን አስታውሺ፦ ናያግራ ሆቴል ውስጥ ተደናቅፎ እጁ እሳት ውስጥ ይገባል፣ አይቃጠልም። በዶነሩ ሽጉጥ ትተኩስበትና ጥይቱ ባዶ እንደነበር ትነግረዋለች። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን ይህ ክፍል ለፊልሙ ሳይቀረጽ በመቅረቱ የተዋናዮቹን የሙከራ ቀረጻ ነው ያስገቡት። ልብ ብለሽ ካየሽ ሱፐርማንን የሚጫወተው የክርስቶፈር ሪቭ ፀጉርና ሰውነት ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ይለያያል። እንደዚያም ሆኖ ማንነቱን ደብቆ ክላርክ ተብሎ የሚኖረው ሰው ቀና ብሎ ሱፐርማን ሲሆን የሪቭን ችሎታ ታያለሽ።

የዶነሩ መጨረሻ ግን ያናድደኛል። ምድርን ወደ ኋላ አዙሮ የሆነውን ሁሉ ይሰርዘዋል። ይህ መጀመሪያውኑ ለሁለተኛው ፊልም ታስቦ ወደ አንደኛው የተዛወረ ስለሆነ፣ ሁለቱን አከታትሎ ላየ ድግግሞሽ ነው። ደግሞ ጊዜው ከተመለሰ ሹፌሩ ገና አልመታውም፤ ታዲያ ሱፐርማን ምግብ ቤቱ ሄዶ የሚቀጣው በምን ጥፋቱ ነው? የሌስተሩ ላይ ሎይስን በመሳም ማንነቱን ማስረሳቱም እንግዳ ነገር ነው፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት ሎይስን የምትጫወተው ማርጎት ኪደር ቢሮ ውስጥ ስታለቅስ ልብ ትነካለች።

ወንድምሽን የ1978ቱንም አስጭን በይው። በእሱ ቅጂ ሱፐርማንን የሚገጥሙትን ሦስቱን እስረኞች የሚፈታቸው በአንደኛው ፊልም ላይ ወደ ጠፈር የተወረወረው ሚሳይል ስለሆነ፣ ያንን ሳታዩ ከጀመራችሁ መግቢያው ግር ይላችኋል።