ከመፈረምሽ በፊት ለማን እንደምትደውዪ እወቂ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት እህቴ። አስራ አንድ አመት ያስተማርሽበት የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመሩት የነበሩት ሲስተር (መነኩሲት) ስለተዛወሩ ዳይሬክተር ሁኚ ብሎሻል፣ አንቺ ደግሞ "ማስተማሩን እችለዋለሁ፣ ብቻዬን መምራቱን ነው የፈራሁት" ብለሻል።

የፈራሽው ነገር እውነት ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ ጣራ ሲያፈስ የምትጠሪው አንቺ፣ መምህር ሲቀር ክፍል የምትገቢው አንቺ፣ አባቱ የሞተበትን ልጅ ይዛ የመጣችን እናት ቢሮሽ አስገብተሽ የምታስቀምጪውም አንቺ ነሽ፣ እሱ ላይ ጸሎቱ ቅዳሴው፣ ካቶሊክ ያልሆኑ ቤተሰቦች ጥያቄ፣ ከቆሞሱ (ከቁምስናው፣ ማለትም ከአጥቢያው ቤተክርስቲያን ኃላፊ ካህን) ጋር ያለው ግንኙነት ይጨመራል። ትናንት አብረውሽ ሲስቁ የነበሩ መምህራን ደግሞ ስትገቢ ወሬ ያቆማሉ። እኔን ከሁሉም በላይ የከበደኝ እሱ ነበር።

ወደ ምክር ስራ ሳልመጣ ዳይሬክተር ነበርኩ። በመጀመሪያው አመት አንዲት እናት በጣም የሚያቆስል ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ ማታ ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ መልስ ጻፍኩና ከመላኬ በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ለሚመሩ አንድ ትልቅ ሰው ደወልኩ። "እስቲ አንብቢልኝ" አሉኝ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ድምጼ ራሱ አሳፈረኝ። "አትላኪው፣ ነገ ጠዋት ጥሪያትና ልጇ ምን እንደሆነች ብቻ ጠይቂያት" አሉኝ። ጠራኋት፣ ለካ ልጅቷ ሽንት ቤት ሄዳ በመጣች ቁጥር ትልልቆቹ ይገፈትሯት ነበር፣ እኛ አናውቅም። ያ ስልክ ባይኖር ያቺን እናት ለዘላለም አጥቻት ነበር፣ ልጅቷም እንደዛው ትቀጥል ነበር።

ስለዚህ ልቀበል ወይ ላልሽው፣ ተቀበዪ እልሻለሁ፣ ግን ድጋፉን ከፈረምሽ በኋላ ሳይሆን አሁን ጠይቂ፣ አሁን እነሱ ናቸው የሚፈልጉሽ። ሜንተር (ቅርብ ሆኖ የሚያማክር ሰው) ይመደብልኝ በያቸው፣ ስራ ላይ የቆየ ዳይሬክተር ይሁን፣ የአንቺን ግምገማ የሚሞላው ሰው ግን በፍጹም አይሁን ምክንያቱም ነጥብ ለሚሰጥሽ ሰው ድክመትሽን አትነግሪውም። ከሌሎች ዳይሬክተሮች ጋር የምትገናኚበት ግማሽ ቀን በወር አንዴ ከስራ ሰዓት ላይ ይያዝልሽ፣ "ሲመችሽ" ከተባለ መቼም አይመችሽም።

ይሄን ስትጠይቂ ደግሞ ውለታ እየለመንሽ እንዳይመስልሽ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የዓለም የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ) እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ቁጥር 12 ላይ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እርስ በርስም ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋርም እንዲተባበሩ በግልጽ ይጠይቃል። ከሌሎች ጋርም የሚለውን ልብ በዪ፣ ጎረቤት ያለው የመንግስት ትምህርት ቤት ዳይሬክተርም የአንቺው ችግር አለበት።

ሌላው፣ ትምህርት ቤቱ የማን እንደሆነ በወረቀት እዪ፦ የሀገረ ስብከቱ ነው፣ የቁምስናው ነው ወይስ የሲስተሮቹ ማኅበር? በጀት የሚፈርመውም፣ መምህር የሚቀጥረውም፣ ችግር ሲመጣ የምትጠሪውም በዚህ ነው የሚለየው። የማኅበር ቢሆን እንኳ እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የቀኖና ሕግ (ቁጥር 806) ጳጳሱ በሀገረ ስብከታቸው ያሉ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን የመከታተልና የመጎብኘት መብት ይሰጣቸዋል፣ ስለዚህ ሁለት በር ማንኳኳት ሊኖርብሽ ይችላል።

በአካባቢሽ የዳይሬክተሮች ስብስብ ከሌለ አራት አምስት ሆናችሁ ራሳችሁ ጀምሩት። በየተራ አንድ ሰው አንድ እውነተኛ ጉዳይ ያምጣ፣ ሌሎቻችሁ መጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ምክር በኋላ ይደርሳል፣ እኛ ዳይሬክተሮች መፍትሄ ለመስጠት ስለምንቸኩል ይሄ ከባድ ነው ግን ልመዱት። የቴሌግራም ግሩፑ ለቀጠሮና ለፎርም ይሁን፣ የልጅም የመምህርም ስም እዛ ላይ እንዳይጻፍ፣ እሱ በአካል ወይ በስልክ ነው።

ሲስተሯን ደግሞ ሳይሄዱ ያዣቸው። የፋይልና የቁልፍ ርክክቡ ይደርሳል፣ አንቺ ግን "ሲጨንቅዎት ለማን ነበር የሚደውሉት?" ብለሽ ጠይቂያቸውና ቁጥሩን ተቀበዪ። ኮንትራቱ ሲደርስሽ ላኪልኝ፣ ሜንተሩና ግማሽ ቀኑ ገብቶ እንደሆነ አብረን እናያለን።