ማሽኑ እምቢ ሲል ዕዳው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ለልጄ ጫማ ገዝቼ በካርድ ከፈልኩ። ፒን ቁጥሬን አስገባሁ፤ ማሽኑ ትንሽ ቆየና ወረቀት አወጣ። ወዲያው ስልኬ ላይ ገንዘቡ ከሂሳቤ መቀነሱን የሚገልጽ መልእክት ገባ። ካሸሯ ወረቀቱን ሳታነበው ከጫማው ጋር ከረጢት ውስጥ ከተተችልኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ለሴቷ ልጄ የሚሆን ቁጥር ሲመጣ እንዲነግሩኝ ስልኬን ትቼላቸው ነበር። ሰኞ ደወሉና «ክፍያዎ አልገባም፤ መጥተው ይክፈሉ» አሉኝ። ሂሳቤን ሳይ እውነትም ገንዘቡ ተመልሷል። ባለቤቴ ግን «የተበላሸው የነሱ ማሽን ነው። አንቺ አንዴ ከፍለሽ ወጥተሻል፤ ምን አገባሽ?» ይለኛል። ጫማውን ልጄ ትምህርት ቤት እየሄደበት ነው፤ ሶሉ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ልመልሰው አልችልም። እውነት የመክፈል ግዴታ አለብኝ?
ግራ የገባኝ እናት

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ አለብዎት። ገንዘቡ ሂሳብዎ ውስጥ ነው፤ ጫማውም ልጅዎ እግር ላይ ነው። ሁለቱም እርስዎ ጋ ናቸው። ባለቤትዎን ግን አልፈርድባቸውም። «ተቀንሷል» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ሁሉ ከፍያለሁ ብሎ ነው የሚያምነው።

ይህን አምድ ከመያዜ በፊት ዘጠኝ ዓመት ካሸር ሆኜ ሰርቻለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ ማሽኑ ላይ የሆነውን ልንገርዎ።

ፒን ቁጥርዎን አስገብተው አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑ ገንዘብ ከእርስዎ ወጥቶ ሱቁ ካዝና አይገባም። የሚሄደው ጥያቄ ነው። ማሽኑ የሱቁን ባንክ ይጠይቃል፤ የሱቁ ባንክ ደግሞ በካርዱ ድርጅት መስመር በኩል የእርስዎን ባንክ ይጠይቃል። ባንክዎ ሂሳብዎን አይቶ «እሺ» ይላል። እሺ ሲል ያንን ገንዘብ ለሌላ ነገር እንዳያወጡት ይይዘዋል። ስልክዎ ላይ መልእክት የሚገባውም ያኔ ነው። እሺታው ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በሄደበት መስመር ተመልሶ ማሽኑ ጋ መድረስ አለበት። መሃል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ ቀረ ማለት ነው። ማሽኑ የተወሰኑ ሰከንዶች ይጠብቃል። መልስ ሲያጣ ክፍያው አልተሳካም የሚል ወረቀት ያወጣል። ከዚያ «ያንን ጥያቄ ሰርዙልኝ» የሚል ሁለተኛ መልእክት ይልካል። ባንክዎ ይህ ሲደርሰው የያዘውን ይለቃል። የእርስዎም ገንዘብ በዚህ መንገድ የተመለሰ ይመስለኛል።

ስለዚህ የስልክዎ መልእክት አልዋሸም። ባንኩ እሺ ማለቱን ነው የነገረዎት። ሱቁ ስለመቀበሉ ግን ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

የሱቁን ነገር የሚናገረው ያ ሳይነበብ ከረጢት ውስጥ የገባው ቁራጭ ወረቀት ነው። ካልጣሉት አውጥተው ይዩት። ብዙ ማሽኖች ባለሁለት አሃዝ የመልስ ቁጥር ያትማሉ። የካርድ መልእክቶች የሚጓዙበት አይኤስኦ 8583 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በዚያ ደረጃ 00 ማለት ተፈቅዷል ነው። 51 ከሆነ በቂ ገንዘብ የለም፤ 55 ከሆነ ፒኑ ተሳስቷል፤ 91 ከሆነ ደግሞ የካርዱ ባንክ መልስ አልሰጠም። እኔ ካሸር ሳለሁ 91 ሲመጣ ሁሌ ደንበኛውን «አንዴ ይጠብቁኝ» እል ነበር። ያ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቶሎ ይደበዝዛል። ዛሬውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ክርክር ልምጣ። «አንዴ ከፍለሽ ወጥተሻል» የሚለው አንዳንዴ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የነዳጅ ካርድ ጉዳይ አይቶ ነበር። ደንበኞች በካርድ ነዳጅ ቀድተው ሄደዋል። ማደያዎቹ ካርዱን ተቀብለዋል። መሃል ያለው የካርድ ኩባንያ ግን ለማደያዎቹ ሳይከፍል ከሰረ። ፍርድ ቤቱ ደንበኞቹ ዕዳ የለባቸውም አለ። ማደያው ካርዱን በተቀበለበት ሰዓት የደንበኛው ዕዳ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በማደያውና በካርድ ኩባንያው መካከል ነው። የእርስዎ ጉዳይ ለየት ይላል። ማሽኑ ክፍያውን አልተቀበለውም። ካሸሯም ያሰናበተችዎ ተከፍሏል ብላ እንጂ ዕዳዎትን ልትተውልዎ አይደለም። የሱቁ ማሽን መበላሸቱ የሱቁ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ጫማውን ግን ነጻ አያደርገውም። የሌላውን ንብረት ያለ ምክንያት ይዞ መቅረት «አላግባብ መበልጸግ» የሚባል የሕግ ስምም አለው።

እርስዎ ቅዳሜ ከሱቁ ሲወጡ ምንም ጥፋት አልነበረብዎትም። በቅንነት ነው የወጡት፤ ማንም ሌባ ሊልዎት አይችልም። ሰኞ ከተደወለልዎትና ገንዘቡ መመለሱን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሁን አውቀዋል።

ስለዚያች ካሸር ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔም አንድ ምሽት እንደሷ አድርጌያለሁ። ሰልፉ በር ደርሶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ማሽኑ ወረቀት ሲያወጣ ቀደድ አድርጌ ለደንበኛው ሰጠሁት። ማታ ሂሳብ ስዘጋ አንድ ክፍያ ጎደለ። ደጋግሜ ቆጠርኩ። የማሽኑን የቀን ማጠቃለያ ከሽያጩ ጋር መስመር በመስመር ሳመሳክር አገኘሁት፤ ያ ሰውዬ ነው። ስልኩ የለኝም፣ ስሙን አላውቅም። ጉድለቱ ከሁለት ወር ደሞዜ ላይ ተቆረጠ። ለወራት በሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ይሆን እያልኩ ቀና እል ነበር። አልመጣም። ምናልባት ገንዘቡ መመለሱንም አላየ ይሆናል። እርስዎ ግን አይተዋል። የደወሉልዎት የሴቷን ልጅ ጫማ ብለው ስልክዎን ስለተዉ ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማቸው ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ፣ ገንዘቡ ባይመለስ ኖሮስ? ያኔ መልሴ «ቆዩ» ነው። ሱቁ ስለደወለ ብቻ ሮጠው ሁለተኛ አይክፈሉ። ሂሳብዎ ላይ ክፍያው «በሂደት ላይ» ይላል ወይስ ተጠናቋል? በሂደት ላይ ከሆነ የተያዘው ገንዘብ ወይ ይለቀቃል ወይ ለሱቁ ይተላለፋል። እንደ ባንኩ አሠራር ቀናት ሊወስድ ይችላል። ለሱቁ ይህንኑ ንገሯቸው፤ «አልከፍልም» ሳይሆን «ገንዘቡ እስኪለይ ጠብቁኝ» በሉ። ተጠናቋል የሚል ከሆነ ደግሞ የሂሳብ መግለጫ አስወጥታችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ካለው የማጣቀሻ ቁጥር ጋር ለባንካችሁ አቤቱታ አስገቡ። ሱቁም በበኩሉ የራሱን ባንክ ይጠይቅ። ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ከተገኘ አንዱን የመመለስ ግዴታ የሱቁ ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ሲሄዱ ያንን ወረቀትና ገንዘቡ መመለሱን የሚያሳየውን የሂሳብ መግለጫ ይያዙ። የቅዳሜው ክፍያ በነሱም በኩል መሰረዙን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ይህ መብትዎ ነው። ቢቻል በጥሬ ገንዘብ ይክፈሉ። በካርድ ከሆነም ወረቀቱን ራስዎ አንብበው፣ ተፈቅዷል ማለቱን አይተው ይቀበሉ። በአዲሱ ደረሰኝ ላይ የቅዳሜው ግዢ መሆኑን ያስጽፉበት። ክፍያው ላይ «መዘግየት» ምናምን ብለው ጭማሪ ከጠየቁ እሺ አይበሉ፤ ያዘገየው እርስዎ አይደሉም።

ያቺ ካሸር እዚያው ካለች ደግሞ ክፍያውን ለእሷ ይስጧት፤ ጉድለቷ መሸፈኑን በዓይኗ ትየው።