«ፍሬን በጠሰች» ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጡ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሹፌሮች ስለ ድሮ ጉዟቸው ሲያወጉ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ እየመለስኩ ነው። አንደኛው «ዓባይ በረሃን ቁልቁል በከባድ ማርሽ ያዝኳት፤ መሀል ላይ ፍሬን በጠሰችብኝ» ይላሉ። አርታኢዬ «ፍሬን ገመድ አይደለም፣ አይበጠስም» ብሎ «ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ስነዳ የመኪናው ፍሬን ብልሽት ገጠመው» በሚል ተክቶታል። በዚያ ላይ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ባሌስትራ (ክብደት የሚሸከም የብረት ንጣፍ) የመሳሰሉትን «ባዕድ ቃላት» አውጥቼ አማርኛ እንዳስገባ ይጠይቀኛል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ሹፌሩ ናቸው። አርታኢዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ቦታ ነክቷል፤ አራቱም ቦታ ላይ የጠፋ ነገር አለ። በጣም ከሚያከራክረው ልጀምር።

«በጠሰ» ተሻጋሪ ግሥ ነው፤ በጣሽም የሚበጠስም ይፈልጋል። «ክሩ ተበጠሰ» ስንል በጣሹ ማን እንደሆነ አንናገርም። ሹፌሮች ግን «ፍሬኑ ተበጠሰ» ሲሉ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው፤ የለመዱት «መኪናዋ ፍሬን በጠሰች» ማለትን ነው። ባለቤቷ መኪናዋ ናት፣ ፍሬን ተሳቢ ነው። (የሰዋስዉን ተሳቢ ማለቴ ነው፤ ከኋላ የሚጎተተው ተሳቢ የራሱ ፍሬን አለው፣ እሱ ጋ እንመለሳለን።) ይህ አሰካክ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» የሚለውን ተረት ያስታውሱ። በቅሎዋ በጣሽ፣ ገመዱ ተበጣሽ፤ ሰውየው ደግሞ ቆሞ የሚያይ። ሹፌሩ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ቅርጹ ይኸው ነው፤ ገመዱ ብቻ ተለውጧል።

ነገሩ በአንድ ግሥ አያበቃም። አማርኛ መኪናን የተቀበለው በጋማ ከብት ቋንቋ ነው። «ነዳ» አህያና ከብት የሚነዳበት ግሥ ነበር። «ጫነ» እና «አራገፈ» የሲራራ ነጋዴ ቃላት ናቸው። ሞተር «ጉልበት» አለው፤ ዳገት ላይ «ይደክማል»፤ ሲብስበት «እምቢ ይላል»። ፍሬንም «እምቢ አለኝ» ይባላል። ታዲያ እምቢ ያለች፣ የጫነች፣ የምትነዳ ፍጥረት ማሰሪያዋን ብትበጥስ ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት መገጣጠም አለ። «ፍሬን» ከጣሊያንኛው «ፍሬኖ» ጋር አንድ ነው፤ የዚያ ምንጩ ደግሞ የላቲኑ «ፍሬኑም» ነው፤ ትርጉሙም ልጓም። ስለዚህ «ፍሬን በጠሰች» የሚለው ሐረግ በሥረ ቃሉ ሲታይ «ልጓሟን በጠሰች» ነው። ሹፌሮቻችን ላቲን አውቀው አይደለም፤ ጣሊያኖችም እኛም አዲሱን ማሽን በሚያውቁት እንስሳ ስለመሰሉት ነው። አርታኢዎ «ፍሬን ገመድ አይደለም» ሲል ግን የተሟገተው ከሹፌሩ ጋር ብቻ አልሆነም።

«በእውነቱስ የሚበጠስ ነገር አለ ወይ?» ለሚለው መልሱ ከቋንቋው ይልቅ ከመካኒኩ ዘንድ ነው፤ ጽሑፍዎ ስለ ሹፌሮች ስለሆነ ግን ቢያውቁት ይጠቅምዎታል። ከጎሐ ጽዮንና ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ በየበኩሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። 40 ቶን የሚመዝን ጭነትና መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ከ1,100 ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት በፍሬን ብቻ ይያዝ ከተባለ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮ መሳይ ብረት) ግሎ ይሰፋል፣ ሸራው (ታምቡሩን እየፈተገ የሚያቆመው) መጨበጡን ይተዋል። ፔዳሉ እግር ሥር ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም፤ የተበጠሰ ነገር የለም። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ላይ ደግሞ ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በተለምዶ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዘይቱ ሳይጎድልም በጊዜው መለወጥ ያለበት።

በታመቀ አየር የሚሠራው የንፋስ ፍሬን ሌላ ባሕርይ አለው። ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ባር ነው። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እየረገጠ ከለቀቀ፣ ኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚያምቀው) የሚሞላው እሱ የሚያወጣውን አያህልም፤ ሹፌሮች ይህን «ንፋስ ጨረሰች» ይሉታል። በድሮዎቹ መኪኖች ንፋስ ካለቀ የእግር ፍሬን የለም፣ የእጅ ፍሬን ብቻ ይቀራል። በኋላ የመጡት ግን የኋላ እግሮቻቸው ላይ ኃይለኛ ሞላ አላቸው፤ ሞላውን ጨቁኖ የሚይዘው ንፋሱ ነው። ንፋሱ ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል፣ ንፋሱ ሲያልቅ ሞላው ይዘረጋና ጎማውን ይይዛል። («ሞላ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ከእኛ «ሞላ» ጋር እንዲህ ተገናኝቶ ተማሪን ሲያሳስት ይኖራል፤ የሞላ አልጋም ከዚያው ነው።) ወደ ተሳቢው የሚሄደው ዋናው የንፋስ ጎማም (ቱቦው ማለቴ ነው) እንዲሁ ነው፤ ቢበጠስ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል።

እንግዲህ ጉዱን ይመልከቱት። የንፋስ ጎማው በእውነት ሲበጠስ መኪናው ይቆማል፤ «ፍሬን በጠሰች» የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይበጠስ ነው። ፈሊጥ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ቃል በቃል አይመረመርም። ይህን የምለው ለወግና ለትዝታ ጽሑፍ ነው። የአደጋ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፦ «ፍሬን በጠሰ» ብሎ መዝጋት ግሎ ነው፣ ዘይቱ ፈልቶ ነው፣ ንፋስ ጨርሶ ነው ወይስ ሸራው አልቆ የሚለውን ይሸፍናል። አራቱ ደግሞ አራት የተለያዩ ጥፋተኞች አሏቸው።

ጥፋተኛ ካልን «በጠሰችብኝ» የምትለዋን «ብኝ» ልብ ይበሉ። አርታኢዎ «የመኪናው ፍሬን ብልሽት ገጠመው» ሲል ሹፌሩን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቷቸዋል። «በጠሰችብኝ» ውስጥ ግን ሰውየው አሉ፤ አድራጊ ሆነው ሳይሆን የደረሰባቸው ሆነው። «ሞተብኝ»፣ «ጠፋብኝ»፣ «ዘነበብኝ» እንደምንለው ነው። ሹፌሩ በአንዲት ድምፅ «ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ጉዳቱ ግን የኔ ነው» ብለዋል። ይህን በሌላ መንገድ ለመጻፍ ቢሞክሩ ሙሉ መስመር ይፈጃል።

ቀጥሎ «ከባድ ማርሽ»። እንግሊዝኛው ይህን ማርሽ «ዝቅተኛ» ይለዋል፣ አርታኢዎም ያንን ተርጉሟል። የአማርኛው ሹፌር ግን የሚቆጥረው ቁጥሩን ሳይሆን ሥራውን ነው፦ ከባድ ጭነት የሚጎትተው፣ ከባድ ቁልቁለት የሚይዘው ማርሽ ከባድ ማርሽ ነው። «ዝቅተኛ» ሲባል ለአማርኛ አንባቢ ደካማ ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው።

«ያዝኳት» ደግሞ «ነዳሁ» አይደለም። በከባድ ማርሽ መያዝ ማለት የመኪናውን ክብደት ሞተሩ እንዲሸከም ማድረግ ነው፤ ነዳጅ ሳይሰጡ፣ ሞተሩ በራሱ መጎተት እንዲገታት። የሹፌሮች ሕግ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነበር፤ ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ምክንያቱ የድሮ ካምቢዮ ነው። ጥርሶቹን እኩል የሚያዞር መሣሪያ ስላልነበረው፣ ወደ ከባዱ ለመመለስ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግ፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ ነዳጅ ሰጥቶ የሞተሩን ዙር ማንሳት፣ ከዚያ እንደገና ረግጦ ማስገባት ይጠይቅ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናው ዜሮ ላይ ነው፣ ዜሮ ላይ ያለ የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ በየሰከንዱ ይፈጥናል። ዙሩ ካልገጠመ ማርሹ ይፈጫል እንጂ አይገባም፤ ሹፌሩ ያለ ማርሽ በፍሬን ብቻ ይቀራል። «በከባድ ማርሽ ያዝኳት» የሚለው ስለዚህ ከላይ ሳሉ የተደረገ ጥንቃቄን ይናገራል፤ ሰሚ ሹፌር «ሰውየው ሥራውን አውቋል» ብሎ የሚረዳው ከዚያች ግሥ ነው። «ስነዳ» ሲባል ጥንቃቄው ጠፋ።

«ያዘ» ከፍሬን ጋር ሲመጣ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ፍሬን ያዘ» ካሉ ያዡ ሰው ነው፦ አቆመ ወይም አዘገመ። «ፍሬኑ ያዘ» ካሉ ባለቤቱ ራሱ ፍሬኑ ነው፦ ሳይረገጥ ጎማውን አልለቅም ብሎ እየፈተገ ነው፤ ቸርኬው ይግላል፣ የሚቃጠል ይሸታል። ልዩነቱ ያቺ «ኑ» ብቻ ናት፤ ከድምፅ ሲገለብጡ በቀላሉ ትጠፋለች። «ሞተር ነከሰ» የሚለውንም እንዳይነኩት። ዘይት አጥቶ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ግሎ ሲጣበቅ ሹፌር የሚለው ይህንኑ ነው፤ «ተበላሸ» ቢሉት የትኛው ብልሽት እንደሆነ አይለይም።

አሁን ወደ ስሞቹ። እነዚህን አልለውጥም፤ ምክንያቴም ስንፍና አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የመጡት መኪኖችና ጋራዦች የአካሎቻቸውን ስም ይዘው መጡ፤ አማርኛ ደግሞ እንደ ራሱ ጠባይ ቀረጻቸው። መጨረሻቸው «ኦ» ወይም «ኤ» የነበረው ብዙዎቹ ተቆርጠዋል፦ ፍሬኖ ፍሬን፣ ቡሎኔ ቡሎን፣ ፍሪትሲዮኔ ፍሪሲዮን። በ«ኣ» የሚያልቁት ግን እንዳሉ ቀሩ፦ ጎማ፣ ታርጋ፣ ናፍታ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ። ካምቢዮና ቦቴ ከደንቡ ወጥተዋል። ብዙዎቹ በጣሊያንኛም ምስል ናቸው፤ ፍሬቻ ፍላጻ ነው፣ ቦቴ በርሜል፣ ባሌስትራ ደግሞ በጥንት ጊዜ የጦር ቀስት ነበር፤ ጎብጦ የሚመለሰውን የብረት ንጣፍ አይተው ነው። ሁሉም ከጣሊያን ነው ማለት ግን አይደለም። «ማርሽ» በጣሊያንኛ «ማርቻ» ነው፤ የእኛ አነጋገር ወደ ፈረንሳይኛው «ማርሽ» ያደላል። «ሹፌር»ም የፈረንሳይ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ እሳት የሚያነድ ሰው ነበር።

ባሌስትራን በምን ይተኩታል? «የብረት ቅጠል ሞላ» ቢሉ ሁለተኛው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ሆኖ ይቀራል። የሹፌሮቹ ሥርዓት ግልጽ ነው፦ ስሙ ከመጣበት ይምጣ፣ ግሡ አማርኛ ይሁን። ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ያዘ፣ ሰጠ፣ ነከሰ፣ በጠሰ። አርታኢዎ ስሞቹን ሊያጸዳ ሲነሳ ግሦቹን አጣ፤ አማርኛው ያለው ግን እዚያ ነው።

ከስሞቹ አንዱ ብቻ የአጻጻፍ ችግር አለበት፦ የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ። «ካላማዳሪ»፣ «ከለመዳሪ»፣ «ካላማደሪያ» እየተባለ በጨረታ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር በየዓይነቱ ይጻፋል። መነሻው «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል ማለት ነው። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይጽኑ፤ እኔ «ካላማዳሪ» እጽፋለሁ። የመኪኖቹን ስም ግን እንደሚነገረው ይጻፉ፦ «ኤን ትሬ» የፊያት 682 ኤን 3 ነው፣ «ትሬንታ ኳትሮ» ደግሞ 634 ከሚለው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች። «ኤን ሦስት» ያለ ሹፌር አይገኝም።

የቀረችው አራተኛዋ ቦታ ናት። ሹፌሩ «ያዝኳት፣ በጠሰችብኝ» ሲሉ መኪናዋ ሴት ናት፤ አርታኢዎ «የመኪናው» ብሎ ወንድ አደረጋት። በአማርኛ ግዑዝ ነገር በአንስታይ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ ወይ ትንሽ ነው ወይ ይወደዳል፤ ባለ 40 ቶኗ ደግሞ ትንሽ አይደለችም። ቴፑ ላይ በአንዱ ዓረፍተ ነገር ሴት፣ በሌላው ወንድ ሆና ካገኟትም አያስማሟት፤ የት ቦታ ላይ እንደተለወጠች ብቻ ያስተውሉ።